ፓትሲ ክላይንና እናቷ የሰፉላት ልብስ

ሰው ሰውን ከመስማቱ አስቀድሞ ያየዋል። ዘፋኝም ወደ መድረክ ሲወጣ ገና አፉን ሳይከፍት ልብሱ ስለ እርሱ ብዙ ነገር ይናገርለታል፤ አንዳንድ ጊዜም ይናገርበታል። ከየት እንደ መጣ፥ ምን ዓይነት ዘፈን እንደሚዘፍን፥ ለማንስ እንደሚዘፍን ተመልካቹ ከልብሱ ይገምታል። ይህ ነገር እጅግ ጎልቶ ከሚታይባቸው ሙዚቀኞች መካከል ካንትሪ የሚባለውን የአሜሪካ የገጠር ሙዚቃ የሚጫወቱት ይገኛሉ። ሰፊ ባርኔጣ፥ በጥልፍ ያጌጠ ሸሚዝ፥ ባለ ዘርፍ ቀሚስና ረዥም ቦት ጫማ ባዩ ጊዜ ሙዚቃው ምን እንደ ሆነ ሳይነገራቸው የሚያውቁ ብዙዎች ናቸው።

በዚህ ዓመት ለትምህርት ቤታችን መጽሔት የአንድ ታዋቂ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በተጠየቅሁ ጊዜ የመረጥሁት የጦር መሪ ወይም ፈላስፋ ሳይሆን፥ በ30 ዓመቷ ከዚህ ዓለም የተለየችውን ዘፋኝ ፓትሲ ክላይንን ነው። አንዳንድ ጓደኞቼ ስለ ዘፋኝ ቀሚስ ምን የሚጻፍ ነገር ይገኛል ብለው ሳቁብኝ። ነገር ግን ታሪኳን እስከ መጨረሻው የሚያነብ ሰው ጉዳዩ የጨርቅ ብቻ እንዳልሆነ ይረዳዋል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። ዘመኑን ሁሉ የጻፍሁት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ፓትሲ ክላይን ሴፕቴምበር 8 ቀን 1932 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፥ በቨርጂንያ ግዛት፥ ዊንቸስተር በምትባል ከተማ ተወለደች። የመጀመሪያ ስሟ ቨርጂንያ ፓተርሰን ሄንስሊ ነበረ፤ በቤት ግን ጂኒ እያሉ ይጠሯት ነበር። አባቷ ሳሙኤል ሄንስሊ ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ። እናቷ ወይዘሮ ሂልዳ እርሷን በወለዱ ጊዜ ገና የ16 ዓመት ልጅ ነበሩ፤ ስለዚህ እናትና ልጅ እንደ ታላቅና ታናሽ እኅት ሆነው አብረው አደጉ ለማለት ይቻላል። ከእርሷ በኋላ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ልጅ ተወለዱ። አባት ሥራ ፍለጋ ከቦታ ወደ ቦታ ይዘዋወሩ ስለ ነበር፥ ጂኒ በልጅነቷ አንድ ሠፈር ረግታ ለመኖርና ጓደኛ ለማፍራት አልታደለችም።

ጂኒ የሙዚቃ ትምህርት አልተማረችም። በወረቀት ላይ የተጻፈ ኖታ ማንበብ አትችልም ነበር፤ ፒያኖም ቢሆን የምትጫወተው በጆሮዋ እየሰማች ነው። በ13 ዓመቷ ጕሮሮዋን በጽኑ ታመመች፤ ሩማቲክ የሚባለውም ትኩሳት ተጨምሮባት ሕይወቷ ለጥቂት ተረፈ። ከሕመሙ ከዳነች በኋላ ድምፅዋ ወፍሮና ጐልብቶ እንደ ተገኘ እርሷ ራሷ በኋላ ዘመን ታስታውስ ነበር። ገና በአፍላ ዕድሜዋም ማንም ሳይልካት ወደ ከተማዋ ሬዲዮ ጣቢያ ሄዳ እንድዘፍን ይፈቀድልኝ ብላ ጠየቀች፤ ተፈቀደላትም።

በ1947 ዓ.ም. ገደማ አባቷ ከቤት ወጡ፤ ከዚያም በኋላ ተመልሰው ከቤተሰቡ ጋር አልኖሩም። ወይዘሮ ሂልዳ ሦስቱን ልጆች ይዘው በዊንቸስተር ሳውዝ ኬንት በሚባለው መንገድ ዳር በምትገኝ አነስተኛ ቤት ተቀመጡ፤ የሚተዳደሩትም በልብስ ስፌት ነበር። ጂኒም የቤቱ ታላቅ ልጅ ስለ ሆነች ትምህርቷን አቋርጣ ሥራ ገባች። ቀን በአንድ መድኃኒት ቤት ውስጥ ለደንበኞች ቀዝቃዛ መጠጥ ስታቀርብ ትውላለች፤ ማታ ደግሞ በየክበቡና በየጭፈራ ቤቱ ስትዘፍን ታመሻለች። ይህን ክፍል ባነበብሁ ጊዜ አዘንሁ፤ ምክንያቱም እኛ ተማሪዎች እየተሰላቸን የምንቀመጥበት ወንበር ለእርሷ በ16 ዓመት አካባቢ የተዘጋ ነገር ነበረ።

እዚህ ላይ ስለ ካንትሪ ዘፋኞች ልብስ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ አለዚያ የሚከተለው ታሪክ ትርጕሙ ግልጽ አይሆንም። በ1925 ዓ.ም. በናሽቪል ከተማ አንድ የሬዲዮ ዝግጅት ተጀመረ፤ ጥቂት ቆይቶም ግራንድ ኦል ኦፕሪ ተባለ። በመጀመሪያው ዘመን ሙዚቀኞቹ ወደ ስቱዲዮው የሚመጡት ለእሑድ የሚለብሱትን ደኅና ሱፍ ለብሰው፥ ክራቫት አስረው ነበር። የዝግጅቱ መሥራች ጆርጅ ሄይ ግን ይህ አላስደሰታቸውም። የገጠር ሙዚቃ የሚጫወት ሰው ገጠሬ መምሰል አለበት ብለው ቱታና የገለባ ባርኔጣ አስለበሷቸው፤ ለባንዶቹም የሚያስቅ የገጠር ስም አወጡላቸው። እንዲህ ሆኖ ሱፍ የነበረው ሰው ሱፉን አውልቆ የድኻ ገበሬ ልብስ ለብሶ ፎቶግራፍ ተነሣ። ከተሜውም አይቶ ሳቀ፤ ትኬቱንም ገዛ።

ከዚያ በኋላ በ1930ዎቹ ዓመታት የሚዘፍኑ ካውቦዮች ያሉባቸው ፊልሞች በየሲኒማ ቤቱ መታየት ጀመሩ። ጂን ኦትሪና ሮይ ሮጀርስ የተባሉት ተዋናዮች በፈረስ ላይ ሆነው ጊታር እየመቱ ሲዘፍኑ የአገሩ ወጣት ሁሉ እነርሱን ለመምሰል ተመኘ። ሙዚቀኞቹም ከብት ጠብቀው የማያውቁት ጭምር ቱታውን ጥለው የካውቦይ ልብስ ለበሱ። ይህንም ያደረጉት ስለ ጌጡ ብቻ አይመስለኝም። ቱታ የለበሰውን ሰው ተመልካቹ ይስቅበታል፤ ካውቦዩን ግን ያከብረዋል። ስለዚህ ልብሱን መለወጥ ከመሳለቂያነት ለመውጣት የተገኘ መንገድ ነበረ። ከኪየቭ ከተማ በልጅነቱ ወደ አሜሪካ የተሰደደው ኑዲ ኮን የተባለው ልብስ ሰፊም በካሊፎርንያ ሱቅ ከፍቶ፥ በጥልፍና በሚያብለጨልጭ ድንጋይ ያጌጡ ልብሶችን ለዘፋኞቹ እየሰፋ ዝነኛ ሆነ። ሃንክ ዊልያምስ ለብሶት የታየው የሙዚቃ ኖታ የተጠለፈበት ነጭ ሱፍ የእርሱ ሥራ ነው።

እንግዲህ የዊንቸስተሯ ጂኒ ዘፋኝ ለመሆን ስትነሣ ለመድረኩ የሚገባው ልብስ ይህ ነበር። ታዋቂ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄዶ ማሰፋት ግን በመድኃኒት ቤት ደመወዝ የሚሞከር አይደለም። ስለዚህ እርሷ የምትፈልገውን ልብስ በወረቀት ላይ ትነድፋለች፤ ወይዘሮ ሂልዳም ንድፉን አይተው ጨርቁን ይቈርጣሉ፥ ይሰፋሉ፥ ይጠልፋሉ፥ ዘርፉንም ያያይዛሉ። እኔ በቤታችን የስፌት መኪና አጠገብ ስላደግሁ ይህ ሥራ ምን ያህል እንደሚያደክም በመጠኑ አውቃለሁ። እናቴ የሦስታችንን የትምህርት ቤት ልብስ የምትሰፋው ሌላው ሥራ ሁሉ ካለቀ በኋላ ነው። ዘርፍ ደግሞ ከስፌት ሁሉ ትዕግሥት የሚፈትን ነው፤ እያንዳንዱ እኩል መቈረጥ አለበት፤ አንዱ አጥሮ አንዱ ቢረዝም ከሩቅ ያስታውቃል። ዘፋኟ እጇን ባነሣች ቍጥር ዘርፉ አብሮ ስለሚወዛወዝ በአዳራሹ መጨረሻ የተቀመጠው ሰው እንኳ እንቅስቃሴዋን ያያል። ያ ሁሉ ልፋት ለከንቱ ውበት እንዳልነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል።

በ1952 ዓ.ም. ቢል ፒር የተባለው የባንድ መሪ ዘፋኝ አድርጎ ቀጠራት፤ መካከለኛ ስሟ ፓተርሰን ስለ ነበረ ከእርሱ ፓትሲ የሚለውን የመድረክ ስም አወጣላት። በሚከተለው ዓመት ጄራልድ ክላይን የተባለ ሰው ስላገባች ፓትሲ ክላይን ተባለች። ጋብቻው ብዙ ሳይቈይ ፈረሰ፤ ስሙ ግን ቀረላት። በ1954 ዓ.ም. ፎር ስታር ከተባለ የሸክላ ኩባንያ ጋር ውል ተፈራረመች። ውሉ ግን ለእርሷ የሚጠቅም አልነበረም፤ ኩባንያው መብታቸው የእርሱ ከሆኑት ዘፈኖች በቀር ሌላ እንዳትቀርጽ ያስራት ነበርና። በ1955 ዓ.ም. በናሽቪል ኦወን ብራድሊ በተባለው ባለሙያ መሪነት መቅረጽ ጀመረች፤ የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች ግን አልተሸጡም። በዋሺንግተን ከተማ በሚቀርብ የካንትሪ ቴሌቪዥን ዝግጅት ላይ እናቷ የሰፉላትን ልብስ ለብሳ ስትታይ በአካባቢው ትታወቅ ጀመር፤ ገንዘቧ ግን ከእጅ ወደ አፍ ነበር።

አሁን ወደ ታሪኩ ዋና ክፍል ደረስሁ። በዚያን ዘመን አርተር ጎድፍሬይ የተባሉ ሰው በኒውዮርክ የሚያቀርቡት የቴሌቪዥን ውድድር ነበረ። ዝግጅቱ በመላው አሜሪካ ስለሚታይ በዚያ ያሸነፈ ዘፋኝ በአንድ ሌሊት ይታወቃል። የውድድሩ ሥርዓት ተወዳዳሪውን አንድ ሰው አግኝቶት እንዲያቀርበው ያዛል፤ የቅርብ ዘመድ ግን አቅራቢ መሆን አይችልም። ፓትሲ ተፈትና ካለፈች በኋላ በጃንዩዌሪ 21 ቀን 1957 ዓ.ም. እንድትቀርብ ተወሰነ። አቅራቢዋ ሆነው አብረዋት የሄዱት ወይዘሮ ሂልዳ ናቸው። የቤተሰብ ስማቸው ከልጃቸው ስም ስለሚለይ እናቷ መሆናቸውን የጠረጠረ አልተገኘም።

ፓትሲ ለዚያ ቀን ያዘጋጀችው እናቷ የሰፉላትን የካውቦይ ልብስ ነበር። የዝግጅቱ ሰዎች ግን ይህን ልብስ ለብሰሽ አትወጪም አሏት። የምሽት ግብዣ ቀሚስ እንድትለብስ አዘዟት፤ ዘፈኑንም እነርሱ መረጡላት። የመረጡት «ዎኪን አፍተር ሚድናይት» የሚባለውን ሲሆን፥ እርሷ ይህን ዘፈን መጀመሪያ እንዳመጡላት አልወደደችውም ነበር። ክርክር አላዋጣትም፤ ለበሰች፥ ወጣች፥ ዘፈነች። የተመልካቹ ጭብጨባ የሚለካበት መሣሪያ እስከ መጨረሻው ድረስ ወጣ፤ ፓትሲም አሸነፈች። ዘፈኑ በሸክላ ታትሞ በካንትሪ ዘፈኖች ደረጃ 2ኛ፥ በጠቅላላው የሙዚቃ ደረጃ ደግሞ 12ኛ ሆነ።

ይህን ስጽፍ የማስበው ስለ ወይዘሮ ሂልዳ ነው። በዚያች ምሽት ሁለት ነገር ተሰወረባቸው። በመርፌያቸው የሠሩት ልብስ በሻንጣ ውስጥ ቀረ፤ እናትነታቸውም ለሕዝብ እንዳይነገር ሆነ። ልጃቸው በሌላ ሰው ምርጫ ለብሳ በድል ስትጨበጨብላት እርሳቸው እንደ ባዕድ ሆነው ያዩ ነበር። ደስታቸው ምን ያህል እንደ ነበረ መገመት አያስቸግርም፤ ጥቂት ሳይከፋቸው ቀርቷል ብዬ ግን አላምንም። ብዙ ወላጆች ልጃቸው ከፍ እንዲል ሲሉ ወደ ኋላ ፈቀቅ ይላሉ፤ ይህንንም የሚያደርጉት ሳይነግሩን ነው።

የቴሌቪዥኑ ሰዎች ተሳሳቱ ለማለት አይቻልም፤ ቀሚሱና ዘፈኑ ካንትሪ ሰምቶ የማያውቀውን ከተሜ ጭምር ስቧልና። ነገር ግን ፓትሲ ወዲያው አልተሸነፈችም። ከዚያም በኋላ በየአገሩ ስትዞር ባለ ዘርፉን ልብሷን እየለበሰች፥ የምትወደውንም ፈጣን የገጠር ዘፈን እየዘፈነች ቈየች። በ1957 ዓ.ም. ቻርሊ ዲክ የተባለውን ሰው አግብታ በሚከተለው ዓመት ሴት ልጅ ወለደች። በእነዚያ ሦስት ዓመታት ያወጣቻቸው ሸክላዎች ሁሉ እንደ መጀመሪያው አልሆኑም፤ አንዳንዶችም እንደ ኮከብ ታይታ ጠፋች ይሏት ነበር።

በ1959 ዓ.ም. ቤተሰቧን ይዛ ወደ ናሽቪል ተዛወረች፤ በጃንዩዌሪ 1960 ዓ.ም. የግራንድ ኦል ኦፕሪ አባል ሆነች። በዚያው ዓመት ከፎር ስታር ጋር የነበረው ውል አልቆ ዴካ ከተባለው ትልቅ ኩባንያ ጋር ተዋዋለች። ኦወን ብራድሊም በናሽቪል አዲስ ዓይነት ሙዚቃ ከሚያወጡት አንዱ ሆነው ነበር፤ ይኸውም የገጠሩን ቫዮሊን አሳንሶ፥ ለስላሳ የአውታር መሣሪያዎችንና የአጃቢ ድምፅ ቡድንን በመጨመር የሚሠራ ነው። በሌላ አነጋገር ሙዚቃውም ራሱ የካውቦይ ልብሱን አውልቆ የምሽት ልብስ ለበሰ። ፓትሲ በመጀመሪያ ይህንንም አልወደደችውም። በኋላ ግን ድምፅዋ በለስላሳው ሙዚቃ ላይ እንዴት ጐልቶ እንደሚሰማ ስታውቅ ተስማማች። በ1961 ዓ.ም. «አይ ፎል ቱ ፒስስ» የሚለው ዘፈኗ በካንትሪ 1ኛ ሆነ።

ዘፈኑ ወደ ላይ እየወጣ ሳለ ጁን 14 ቀን 1961 ዓ.ም. በናሽቪል የተሳፈረችበት አውቶሞቢል ከሌላ ጋር ተጋጨ። ፓትሲ በመስተዋቱ ተወርውራ ግንባሯ ክፉኛ ተሰነጠቀ፤ አጥንቷም ተሰበረ። ሐኪሞች ሕይወቷን አተረፉ፤ በፊቷ ላይ ግን ትልቅ ጠባሳ ቀረ። መልክ በሚታይበት ሙያ ላይ ላለች ሴት ይህ ምን ያህል ከባድ እንደ ሆነ መናገር አያሻም። እርሷ ግን ጠባሳውን በሰው ሠራሽ ጠጉርና በወፍራም ኩል ቅባት እየሸፈነች፥ በክራንች ተደግፋ ወደ መድረክ ተመለሰች። በዚያው ክረምት ዊሊ ኔልሰን የደረሰውን «ክሬዚ» የተባለውን ዘፈን ለመቅረጽ ስትሞክር የጎድን አጥንቷ ገና ስላልጠገነ ከፍ ያለውን ድምፅ ማውጣት አቃታት። ጥቂት ቀናት አርፋ ተመልሳ በአንድ ጊዜ ዘፍና ጨረሰችው። ያ ዘፈን እስከ ዛሬ ስሟ ሲነሣ አብሮ የሚነሣ ነው።

በዚሁ ዓመት ኖቬምበር 29 ቀን የግራንድ ኦል ኦፕሪ ሙዚቀኞች በኒውዮርክ በታላቁ የካርኔጊ አዳራሽ ትርዒት እንዲያሳዩ ተጋበዙ። ከተጋበዙት መካከል ጂም ሪቭስና ቢል ሞንሮ ይገኙ ነበር። ሚኒ ፐርል የተባሉት አስቂኝ ተዋናይም አብረው ነበሩ። እኚህ ሴት የኮሌጅ ትምህርት የተማሩ ሲሆኑ፥ በመድረክ ላይ ግን የዋጋ ወረቀቱ 1 ዶላር ከ98 ሳንቲም እያለ የተንጠለጠለበት የገለባ ባርኔጣ አድርገው የገጠር ሴት ይመስላሉ። ሕዝቡ የሚስቀው አዲሱን ባርኔጣ ስትገዛ የዋጋውን ወረቀት መቅደድ የዘነጋችውን የገጠር ሴት እያሰበ ነው። ገና ሙዚቀኞቹ ሳይደርሱ አንዲት የኒውዮርክ ጋዜጠኛ ከገጠር የመጡ ባላገሮች እያለች በጋዜጣ አላገጠችባቸው። ፓትሲ ይህን ስትሰማ ዝም አላለችም፤ ከመድረክ ላይ ሆና ለሕዝቡ እየተናገረች አፀፋውን መለሰች። በአዳራሹ ግን ሰው ሞልቶ ነበር። እንግዲህ ተመልከቱ፤ ያ ስድብ የተሰነዘረው በቱታውም፥ በካውቦዩም፥ በሐር ቀሚሱም ላይ ነው። የሚንቅ ሰው ልብስ ቢለወጥለትም መናቁን እንደማይተው ፓትሲ በዚያን ጊዜ በደንብ የተረዳችው ይመስለኛል።

ከዚህ በኋላ ፓትሲ በመድረክ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የምትታየው በረዥም የምሽት ቀሚስ፥ በጌጣጌጥና በተሠራ ጠጉር ሆነ። በ1962 ዓ.ም. መጨረሻ በላስ ቬጋስ ከተማ ለ35 ቀናት ትርዒት አሳየች። ይሁን እንጂ ልብሷን ለወጠች እንጂ ልቧን አልለወጠችም። ወደ ናሽቪል አዲስ የሚመጡትን ሴት ዘፋኞች እንደ እኅት ትቀበል ነበር። ከኬንታኪ ተራራማ አገር በድኽነት የመጣችውን ሎሬታ ሊንን ወዳጅ አድርጋ፥ በመድረክ ላይ እንዴት መቆም እንደሚገባ እየመከረች ከራሷ ልብስ አካፍላታለች። የሰው ዓይን ምን ያህል እንደሚያቈስል ያወቀ ሰው፥ ሌላው እንዳይቈስል ልብሱን ይሰጣል። ሎሬታ ሊን በ2022 ዓ.ም. በ90 ዓመቷ እስከ ሞተችበት ጊዜ ድረስ ይህን ውለታ አልዘነጋችም።

በማርች 1963 ዓ.ም. መጀመሪያ በካንሳስ ሲቲ አንድ የሬዲዮ ሰው በመኪና አደጋ ስለ ሞተ ቤተሰቡን ለመርዳት የሙዚቃ ትርዒት ተዘጋጀ። ፓትሲ ብርድ ይዟት ታማ ነበር፤ ቢሆንም ሄደች። ማርች 3 ቀን በተደረገው ሦስት ጊዜ ትርዒት ላይ ልብሷን እየለወጠች ዘፈነች፤ በመጨረሻው ጊዜ የለበሰችው ነጭ ስስ ቀሚስ ነበር። በማግሥቱ ጭጋግ ስለ ነበረ መብረር አልተቻለም። ጓደኛዋ ዶቲ ዌስት በመኪና አብረን እንሂድ ብትላት፥ ቶሎ ወደ ልጆቿ ለመድረስ ስለ ናፈቀች በአውሮፕላን መሄዱን መረጠች። ማርች 5 ቀን ከሥራ አስኪያጇ ከራንዲ ሂውዝና ካውቦይ ኮፓስና ሃክሾ ሆኪንስ ከተባሉት ዘፋኞች ጋር በትንሽ አውሮፕላን ተነሣች። አብራሪው ራንዲ ሂውዝ ራሱ ነበር። ዳይርስበርግ በሚባል ቦታ ነዳጅ ሲቀዱ አየሩ ከፍቷል፥ እዚሁ እደሩ ብለው መከሯቸው። እነርሱ ግን ቀጠሉ። አብራሪው ምድር በማይታይበት ጊዜ በመሣሪያ ብቻ ለመብረር አልሠለጠነም ነበርና በቴነሲ ካምደን አጠገብ በሚገኝ ጫካ ውስጥ አውሮፕላኑ ወደቀ፤ አራቱም ሞቱ። ፓትሲ 30 ዓመት ከስድስት ወር ገደማ ነበረች፤ የሁለት ልጆችም እናት ነበረች።

አስከሬኗ ወደ ዊንቸስተር ተመልሶ ተቀበረ። በ1973 ዓ.ም. የካንትሪ ሙዚቃ ታላላቆች ስም በሚከበርበት አዳራሽ ብቻዋን ከሚዘፍኑ ሴቶች የመጀመሪያዋ ሆና ገባች። በ1967 ዓ.ም. የታተመው የምርጥ ዘፈኖቿ ስብስብ በአሜሪካ ብቻ ከ10 ሚሊዮን ቅጂ በላይ እንደ ተሸጠ ተመስክሮለታል። በ1985 ዓ.ም. ሕይወቷ በፊልም ተሠራ፤ በ1993 ዓ.ም. ምስሏ በፖስታ ቴምብር ላይ ወጣ። ወይዘሮ ሂልዳ ልጃቸው ከሞተች በኋላ 35 ዓመት ኖረው በ1998 ዓ.ም. ዐረፉ። በሳውዝ ኬንት መንገድ ያለችው ያቺ አነስተኛ ቤት ደግሞ በ2011 ዓ.ም. ለሕዝብ ተከፍታ ጎብኚዎች የሚገቡባት ሆነች። በወይዘሮ ሂልዳ እጅ የተሰፉት ባለ ዘርፍ ልብሶችም በሙዚየም መስተዋት ውስጥ ተቀምጠው ታይተዋል። በአንድ ወቅት ለቴሌቪዥን አይመጥንም የተባለው ስፌት ሰዎች ትኬት ከፍለው የሚያዩት ቅርስ ሆነ ማለት ነው።

ከዚህ ታሪክ ምን እንማራለን? ልብስ ምንም አይደለም ብሎ መደምደም አይቻልም። የፓትሲ ሕይወት የሚያሳየው ልብስ በር እንደሚከፍትና በር እንደሚዘጋ ነው። ቀሚሱን እምቢ ብላ ቢሆን ኖሮ በዚያች ምሽት መድረክ ላይ አትወጣም ነበር ይሆናል። ነገር ግን ቀሚሱ ብቻውን አልዘፈነም። መሣሪያውን እስከ ጫፍ ያደረሰው ድምፅ በዊንቸስተር በድኽነት ቤት ውስጥ ያደገው ያው ድምፅ ነው። ሌሎች ልብሷን፥ ዘፈኗን፥ ሙዚቃዋን ለመምረጥ ቻሉ፤ አደጋም መልኳን ለወጠው፤ ድምፅዋ ግን በማንም እጅ አልገባም።

የተወደዳችሁ የክፍል ጓደኞቼ፤ ብዙዎቻችን በሚመጣው ዓመት ይህን ሁላችንን እኩል የሚያደርገውን የትምህርት ቤት ልብስ አውልቀን ወደ ሌላ ቦታ እንሄዳለን። በዚያም ገና ሳንናገር በልብሳችን የሚገምቱን ሰዎች እናገኛለን። ሁኔታው ሲያስገድደን የሄድንበትን ቦታ ልብስ እንለብስ ይሆናል፤ ይህም ነውር አይደለም። ነውር የሚሆነው ከቤታችን ለብሰን በወጣነው ብናፍር ነው። እናቱ በሰፋችለት ሹራብ ወይም ቀሚስ ምክንያት በክፍል ውስጥ የተሳቀበት ልጅ በመካከላችን እንዳለ አውቃለሁ፤ ይህን ጽሑፍ የጻፍሁት ከሁሉ ይልቅ ለእርሱ ነው። እናንተም ወላጆቻችን፥ ልጃችሁ አንድ ቀን በሌላ ልብስ ስትመለስ የእናንተ ስፌት የተጣለ እንዳይመስላችሁ። ፓትሲ በሐር ቀሚስ ቆማ ስትዘፍን ሕዝቡ የሰማው፥ ባለ ዘርፉን ልብስ እየለበሰች ያሳደገችውን ያንኑ ድምፅ ነበር።